ስለ አሚሹ ልጅ፦ «እጁ ወርቅ ነው» ብለህ አትተወው

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የምትኖረው ኦሃዮ ነው። መኪና የማይነዱ የአሚሽ አናጢዎችን ከሆምስ ካውንቲ ወደ ሥራ ቦታቸው በቫን ታመላልሳለህ፤ አሚሾች ከዘመናዊው ኑሮ ርቀው በራሳቸው ሥርዓት የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ ከአራት ወር በፊት ማኅበረሰቡን ትቶ ወጣና አሁን አንተ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ያድራል። የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ማለትም ሥራውና ጡረታው የሚመዘገብበት የመንግሥት ቁጥር፣ የለውም። ለአንድ ጣሪያ ሠሪ በካሽ ይሠራል። እናቱ በየሳምንቱ «ተመለስ» እያሉ ይጽፉለታል። አንተ ደግሞ «ትምህርት ምን ያደርግለታል፣ እጁ ወርቅ ነው፣ እየሠራ ገንዘብ ይያዝ» አልክ።

እዚህ ላይ አልስማማም። በጭራሽ።

ልጁ ስምንተኛ ላይ የቆመው ሰንፎ አይደለም። የአሚሽ ትምህርት ቤት እዚያ ላይ ያበቃል። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በዮደር ጉዳይ፣ አሚሾች ልጆቻቸውን ከዚያ በላይ እንዲያስተምሩ መገደድ የለባቸውም ብሎ ወሰነ። ከዳኞቹ አንዱ ዊልያም ዳግላስ ግን ልጆቹ ራሳቸው ሊጠየቁ ይገባል ብሎ በከፊል ተለየ። አንተ ቤት የሚያድረውን ልጅም ማንም አልጠየቀውም። አንተም እንዳትደግመው።

እጁ ወርቅ የሚሆነው ደግሞ እዚያው ማኅበረሰቡ ውስጥ ነበር። ጎተራ ሲቃጠል በደቦ ወጥተው መልሰው ያቆማሉ። የታመመ ሰው የሆስፒታል ዕዳ ሲመጣበት አዋጥተው ይከፍላሉ። አረጋዊን የሚጦረው ልጅና ጎረቤት ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው በ1965 በግላቸው የሚሠሩት ከሶሻል ሴኩሪቲ ነፃ እንዲሆኑ የተፈቀደው። ልጁ ግን ከዚያ ወጥቷል። ከጣሪያ ቢወድቅ ደቦ የለው፣ ስንት ይከፈለው እንደነበር የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት የለው። ለጡረታ ቢያንስ የ10 ዓመት የተመዘገበ ሥራ ያስፈልጋል፤ እስካሁን በካሽ ከሠራው አንድ ቀንም አልተመዘገበለትም።

እኔም ዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ነው አሜሪካ የገባሁት። ስድስት ዓመት አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ በካሽ ሠራሁ። «ጎበዝ ነህ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ቀጠልኩ። ወገቤን ያመመኝ ሳምንት ሌላ ጎበዝ ቀጠሩ፣ በእጄ የቀረ ምንም ወረቀት አልነበረም። ጂኢዲ፣ ማለትም ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር እኩል የሚቆጠረውን ፈተና፣ ማጥናት የጀመርኩት በ31 ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ፣ ክፍልፋይ ሒሳብ አልገባ እያለኝ። ይሄ ልጅ 12 ዓመት ይቀድመኛል፣ ታዲያ ለምን ያባክነው?

መጀመሪያ ወረቀቱ ይያዝ። የልደት ሰርተፊኬቱ አባቱ ጋ ተቆልፎበታል ብለሃል። ይቆለፍ። ኦሃዮ ውስጥ የተወለደ ሰው ከየትኛውም የአካባቢ ጤና ቢሮ ኮፒ ማውጣት ይችላል፣ የአባት ፈቃድ አይጠየቅም። ቤት ውስጥ ተወልዶ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ ፕሮቤት ፍርድ ቤት (የውርስና መሰል የቤተሰብ ጉዳዮችን የሚያየው) ሄዶ ልደቱን ያስመዘግባል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሆናል። ከዚያ ራሱ በአካል ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይቀርባል። ከ12 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ቃለ መጠይቅ ስላለው እንዳይደነግጥ ንገረው። ክፍያ የለውም። ቁጥሩ ሲመጣ አሠሪውን «በፔይሮል (በሕጋዊ የደሞዝ መዝገብ) አስገባኝ» ይበለው። እምቢ ካለ ሌላ አሠሪ ይፈልግ፣ ጥሩ አናጢ ሥራ አያጣም።

ጂኢዲውን ወረቀቱን እየጠበቀ አሁኑኑ ማጥናት ይጀምር። ኦሃዮ ውስጥ አስፓየር የሚባለው የጎልማሶች ትምህርት በነፃ ያስተምራል። ፈተናው አራት ነው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ፤ በእያንዳንዱ 145 ካመጣ አለፈ። ቤታቸው የሚነገረው ፔንሲልቬኒያ ደች የሚባለው የጀርመንኛ ዘዬ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውን እንደ እኔና እንዳንተ ትምህርት ቤት ነው የለመደው፤ ጽሑፉ ላይ ቢዘገይ አትቆጣው። ሲጨርስ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር አፕረንቲስ ፕሮግራም ያመልክት። እየተከፈለው ይማራል። እነሱ ግን ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ፣ በተጨማሪም አልጀብራ ይጠይቃሉ፤ ያለዚያ ወርቅ እጁን አያዩለትም።

እናቱን በተመለከተ «የእናት እንባ ከባድ ነው፣ ቢመለስስ» ብለሃል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሳይጠመቅ ነው የወጣው። አሚሾች የሚጠመቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ የሚያወግዙትም ተጠምቆ፣ ቃል ገብቶ የወጣውን ነው። ስለዚህ ቤታቸው የሚያስገቡት ከሆነ እሁድ እሁድ ሄዶ ከእናቱ ጋር ይብላ፣ አንተም አድርሰው። እንባ ለማበስ ብሎ ተመልሶ ቢጠመቅና ሁለተኛ ቢወጣ ግን ያኔ ውግዘቱ እውነተኛ ይሆናል፣ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ያለቅሳሉ። አምኖ መመለስ ከፈለገ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔም አንተም አንገባበትም።

«ትራክ ይንዳ» ያልከውን እርሳው፤ ከስቴት ስቴት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት አለበት። ኮሌጅም ከጂኢዲ በኋላ ይደርሳል።

በዚህ ሳምንት ቫን የማትነዳበት ቀን ካለህ ጤና ቢሮ ይዘኸው ሂድ። የተወለደበትን ቀንና ካውንቲ፣ የእናቱንም ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ይጠይቋችኋል።