ጥርስ የበዛበት ዲስክ ሁሉ ጥሩ አይደለም

ጥያቄ፦ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ እንጨት ቤት አለኝ። ዋንዛ ሰንጥቄ አልጋ እሠራለሁ፣ ለቁምሳጥን ደግሞ ኤም ዲ ኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) እቆርጣለሁ። የጠረጴዛ መጋዜ 10 ኢንች ነው። ነጋዴው «ጥራት ያለው ጥርስ የበዛው ነው» ብሎኝ ባለ 80 ጥርስ ዲስክ ገዛሁ። ዋንዛውን ስሰነጥቅበት ግን ይጨሳል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ማሽኑም ያቃስታል። ተሸወድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስኩ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያለ ሥራው ነው ያስገባኸው። እንጨት በቁመቱ ሲሰነጠቅ ሰጋቱራው ብዙ ነው፤ የሚወጣውም በጥርስና በጥርስ መሃል ባለው ክፍተት ነው። 80 ጥርስ 10 ኢንች ላይ ሲደረደር ክፍተቱ ይጠብባል፣ ሰጋቱራው መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይታሻል፣ ይግላል፣ ከዚያ እንጨቱ ያራል። ለስንጠቃ ከ24 እስከ 30 ጥርስ ይበቃሃል። ባለ 80ውን ለኤም ዲ ኤፍና ለአግድም ቆረጣ አስቀምጠው። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ባለ 40 ይግዛ፣ ሁሉንም በመጠኑ ይሠራለታል። አንተ ግን ሁለቱንም ሥራ ስለምትሠራ ሁለት ዲስክ ያስፈልግሃል።

ጥራቱን ሱቅ ውስጥ በዓይንህ መለየት ትችላለህ። ዲስኩን ወደ ብርሃን አዙረውና ጥርሱን አንድ በአንድ እየው። ጫፉ ላይ የተበየደችው ግራጫ ቁራጭ ካርባይድ የሚባል ከብረት የጠነከረ ነገር ናት፤ የሚቆርጠው እሷ ናት። ወፈር ካለች ስትደነዝዝ እያሳልክ ለረጅም ጊዜ ትጠቀምባታለህ፣ ስስ ከሆነች ግን ቶሎ ታልቃለች። በተራ ሞረድ አትሞክራት፣ የአልማዝ ድንጋይ ነው የሚስላት። ብየዳው ላይ ክፍተት ካየህ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ዲስኩን መልሰህ ስጠው፣ ምክንያቱም ያቺ ጥርስ በሥራ መሃል ብትነቀል ፊትህ ላይ ነው የምታርፈው። ከዚያ ዲስኩን መስታወት ላይ አስተኛው። ከተንገዳገደ ተጣሟል፣ ተወው።

ጽሑፉንም አንብብ። ዲያሜትሩ፣ የመሃል ቀዳዳውና የሚችለው ከፍተኛ ዙር በደቂቃ መጻፍ አለበት፤ ዙሩም ከማሽንህ ዙር ማነስ የለበትም። ኢ ኤን 847-1 የሚል ካለበት የአውሮፓ ደረጃ ነው። ግን ጽሑፍ ማንም ያትማል፣ ጥርሱን ሳታይ አትመን። ቀዳዳው ከማሽንህ ዘንግ ከሰፋ በልኩ የተሠራ ቀለበት ፈልግ። ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ የሚባለውን ነገር እባክህ ተው!

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ዋንዛው ደርቋል? የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ ገጥሞ ዲስኩን ይይዘዋል፣ ሲብስም እንጨቱን ወደ አንተ ይወረውረዋል። ከዲስኩ ጀርባ የሚቆመውን ብረት ፈትተህ ጥለኸው ከሆነ መልሰው፣ እንጨቱ እንዳይገጥም ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። እንጨቱን የምታስደግፍበት መሪም ከዲስኩ ጋር እኩል መሄዱን በሜትር ለካ፤ ትንሽ ከተዛባ አዲስ ዲስክም ያሳርራል። ደነዘዘ ብለህ ከመጣልህ በፊትም እጠበው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥርሱ ላይ የደረቀ የእንጨት ሙጫ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ንቀል፣ ዲስኩን ፍታ፣ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ዘፍዝፈህ በብሩሽ ፈትገው። በደንብ አድርቀህ ስስ ዘይት ቀባው፣ ያለዚያ ዝገቱ አይምርህም።

ጥያቄ፦ ከጅማ አጂፕ ነው የምጽፈው። ልጄ የእንጨት መጋዝ ዲስክ ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ የእጅ ማሽን) ላይ ገጥሞ ጣውላ ይቆርጣል። መከለያው አይገባም ብሎ ፈትቶታል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ዛሬውኑ ያስቁሙት። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ በጣም ያሳስበኛል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ዙር ይዞራል፣ ብዙ የእንጨት ዲስክ ደግሞ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ጥርሱ እንጨት ውስጥ ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ ያመልጣል፣ መከለያም ስለሌለ የሚያገኘው እጅ፣ አንገት ወይም ጭን ነው። ለጣውላ የሚሆነው 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዘው የእጅ መጋዝ ማሽን ነው፤ የራሱ መከለያ አለው፣ ዙሩም የግራይንደሩን ግማሽ ያህል ነው። አሁን መግዛት ካልቻለ ያገለገለ ይፈልግ፣ ሲገዛ ግን የታችኛው መከለያ ተከፍቶ ሲለቀቅ በራሱ መመለሱን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሮ ይይ። እስከዚያ በተራ የእጅ መጋዝ ይቁረጥ።