ለፕሌኮ የሚሆን እንጨት የትኛው ነው? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ፕሌኮ (በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ የሚቀመጥ፣ በአፉ እየተለጠፈ የሚፍቅ ዓሣ) የገዙ ልጆች ገንዳው ውስጥ ስለሚገባለት እንጨት እየደጋገሙ ስለጠየቁኝ፣ አንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው። ድሪፍትውድ ተብሎ ከውጭ የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም፤ እዚሁ ያለውን መለየት ያዋጣል። ያላችሁን ጠይቁ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ፕሌኮ ያለ እንጨት ይሞታል የሚሉት እውነት ነው?

እንደ ዓይነቱ ነው። ፓናኬ የሚባሉት የፕሌኮ ዓይነቶች እንጨት ሲፍቁ ነው የሚውሉት፤ አንጀታቸውም በፍቅፋቂ የተሞላ ነው። ቢሆንም እንደ ምስጥ እንጨቱን ፈጭተው አይኖሩበትም፤ የሚጠቅማቸው በላዩ ላይ የሚያድገው ነገር ነው። ጢማሙ የፕሌኮ ዓይነት፣ አንሲስትረስ፣ ያለ እንጨትም ይኖራል፤ ካገኘ ግን ይፍቀዋል፣ ቀን ቀን ከሥሩ ይደበቃል። ኮሪዶራስ የሚባለው ሌላው ትንሽ ዓሣ ደግሞ የሚፈልገው ጥላውን ብቻ ነው።

ከአራት ኪሎ፦ ግቢያችን ውስጥ በቅርቡ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አለ። ላስገባው?

አታስገባው። ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ዘይት በቅጠሉ ላይ ቢብስም፣ እርጥብ ግንዱም ሙጫ አለው። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት፣ ልጡ የረገፈ ከሆነ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። እኔ ሌላ እያለ አልነካውም።

ከካዛንቺስ፦ ጥድና ወይራስ? ሁለቱም ጠንካራ ናቸው።

ጥድን ተዉት። ስትፈልጡት ቤቱን የሚያውደው ሽታ ውሃ ውስጥም ይወጣል። ወይራ ግን፣ በደንብ የደረቀ ከሆነ፣ ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ ክብደት ስላለው ብዙ አያስቸግርም፣ ቶሎም አይበሰብስም። ከማገዶ ሻጭ ክምር ውስጥ ጠማማውን ምረጡ፤ ሻጩ ለማገዶ አይመቸኝም የሚለው ለእናንተ ምርጡ ነው። ቆሞ ያለውን ወይራ ግን አደራ አትቁረጡ። የዘይቱን (የጓቫ) ግንድ፣ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው ጉቶም ጥሩ ነው፤ የቡና ሥር ደግሞ ቅርጹ ያምራል።

ከመርካቶ፦ ፈጽሞ መግባት የሌለበት የትኛው ነው?

ብርብራ! ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ራሱን ስቶ እንደሚንሳፈፍ በገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው፤ ውሃው ኦክስጅን እያለው የዓሣው ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያግዳል። መርዙ የሚበረታው ፍሬው ላይ ነው፣ ግንዱን ግን ለመሞከር ምክንያት አይታየኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ብርብራ የቡና ጥላ ዛፍ ነው። ስለዚህ «ከቡና ማሳ የመጣ ነው» ማለት «ቡና ነው» ማለት አይደለም። ሻጩ የዛፉን ስም ካልነገራችሁ ተዉት። ቁልቋልና ቅንጭብም ነጭ ወተታቸው መርዝ ነው፤ ለአበባው የሚተከለው ኦሊያንደርም እንዲሁ።

ከቀበና፦ ወንዙ ዳር ውሃ ያለሰለሰው ቆንጆ ግንድ አይቻለሁ። ላንጋኖም ስንሄድ ብዙ አለ።

የቀበናውን እዚያው ተዪው እህቴ። በከተማችን ወንዞች ውስጥ ፍሳሹም፣ የጋራዥ ዘይቱም አለ፤ እንጨት የጠጣውን ደግሞ በቅቅል ብቻ አትጨርሺውም። ከሐይቅ ዳር የሚለቀመው ይሻላል፤ የዝዋይ ውሃ ጨው የለሽ ስለሆነ የዚያን እመርጣለሁ። የላንጋኖውን ረዘም አድርገሽ ዘፍዝፊው። ከሻላና ከአብያታ አታምጪ፤ ውሃቸው ሶዳ ነው፣ እንጨቱም ያንኑ ይዞ ይመጣል።

ከልደታ፦ ግንባታ ላይ የተረፈ አጣና ወይም የመብራት ምሰሶ ቁራጭስ?

የምሰሶው ማቆያ ኬሚካል ዓሣ ይገድላል። አጣናው ላይ ሲሚንቶና ሚስማር አለ። ሁለቱም አይሆኑም።

ከስድስት ኪሎ፦ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ልጡን ላጡ፤ ጥፍር የሚገባበትን የበሰበሰ ክፍል ጠርባችሁ ጣሉት። በብሩሽ ብቻ ፈግፍጉት፤ ሳሙና አይነካውም። ከዚያ መቀቀል ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ይንተክተክ። ድስት የማይበቃው ከሆነ በበርሜል ዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ፣ አንድ ሁለት ሳምንት። ውሃው የሻይ ቀለም ቢያወጣ አትደንግጡ፤ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን ነው፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ለአብዛኞቹ ፕሌኮዎች ምንም አይደለም። የሚያስደነግጠው ሽታ ነው፦ እንደ ሙጫ፣ እንደ ጋዝ ወይም እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ጣሉት።

ከፒያሳ፦ የኔው እንጨት ላይ ነጭ ዝልግልግ ነገር ወጣ!

ሻጋታ ነው፣ አይጎዳም። ፕሌኮው ራሱ ይልሰዋል፤ ካስጠላህ በብሩሽ አንሳው።

ከአራት ኪሎ፦ አምባዛ ባስገባስ ጋሼ? እሱም ጢም አለው።

አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። ያኔ ስለ እንጨት አትጠይቀኝም።

ከካዛንቺስ፦ የኔ ወይራ ግን አልሰጥም አለ፤ ይንሳፈፋል።

ገና አልጠገበም። ከጥቁር ድንጋይ ጋር በናይሎን ክር እሰሩትና ይቆይ፤ ሽቦ አትጠቀሙ፣ በተለይ መዳብ። ሲጠግብ ክሩን ፍቱት። እስከዚያ መስታወቱ ላይ እንዳይደገፍ፤ ፕሌኮው ከሥሩ ገብቶ ሲገፋው ሊንሸራተትና መስታወቱን ሊመታው ይችላል።