ፓምፑ ሲቆም ውሃው የት ይሄዳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ቤዝመንቴ ውስጥ ስለሠራሁት የባሕር ውሃ ገንዳ ጥቂት ጽፌ ነበር። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። መስታወቱን ብቻ አስቆረጥኩ። የቀረውን በእጄ ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዳንዶቻችሁ «አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ምን አስቦ ነው ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ውስጥ የኮራል ድንጋይ፣ የሚሠራው?» ብላችኋል። ልጅነቴ አሰብ ነው። አባቴ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ባሕር እንወርዳለን። አንድ የመዋኛ መነጽር ለአራት ነበር የምንካፈለው። ተራዬ ደርሶ ፊቴን ውሃ ውስጥ ስነክር የማየው ቀለም እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በ1990 ዓ.ም. ከአሰብ ስንወጣ 16 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን ባሕር አላየሁትም። ገንዳውን የሠራሁት ለዚህ ነው።

ለዛሬ ስድስት ጥያቄዎችን መርጫለሁ።

«ባለቤቴ የእርስዎን ጽሑፍ ካነበበ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ያንኑ የሚያህል ገንዳ ሳሎን ልሥራ ብሏል። ሳሎናችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ወለሉም እንጨት ነው። ወለሉ ይችለዋል?» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ቁጥሩን አብረን እንደምር። የኔ ገንዳ ውስጥ ወደ 780 ሊትር ውሃ አለ። የባሕር ውሃ ከተራ ውሃ ትንሽ ስለሚከብድ 800 ኪሎ በይው። መስታወቱ 170 ኪሎ ገደማ ነው። ድንጋዩ 60 ኪሎ፣ ማስቀመጫ ጠረጴዛው 100 ኪሎ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ገንዳ፣ ሳምፕ የምንለው፣ ሌላ 150 ኪሎ ይጨምራል። ድምሩ 1,280 ኪሎ ነው። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው 1.4 ካሬ ሜትር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሠራው በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው። ያ ስሌት ጭነቱ ክፍሉ ውስጥ ተበትኖ ሲቀመጥ ነው። እዚህ ግን አንድ ቦታ ተከማችቶ ሌት ተቀን ይቀመጣል።

ስለዚህ መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ ካልፈቀደ እንዳትስማሚ። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ባለቤቱ ማወቅ አለበት። የኔ ገንዳ የቆመው ቤዝመንት ውስጥ፣ ኮንክሪት ላይ ነው። ለባለቤትሽ ግን ተስፋ አትቁረጥ በይልኝ። 90 በ60 በ50 የሆነ ገንዳ 270 ሊትር ይይዛል። ያንንም ቢሆን ግድግዳ አስጠግቶ፣ የወለሉን የእንጨት ተሸካሚዎች አቋርጦ እንዲቀመጥ ያድርግ። ከተሸካሚዎቹ ጋር ትይዩ ከሆነ ክብደቱ በሙሉ አንዱ ላይ ይወድቃል።

ስለ አሠራሩም ጠይቀሻል። መስታወቱን የሚገፋው ግፊት የሚጨምረው በከፍታ ነው። ለ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 15 ሚሊ ሜትር መስታወት ተጠቅሜያለሁ። ላይኛው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ማጠናከሪያ ለጥፌበታለሁ። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን፣ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበትን አይግዛ፤ ዓሣ ይገድላል። ከተለጠፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ይተወው። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ ደረቅ ጋዜጣ ከሥሩ አንጥፎ ተራ ውሃ ይሙላበት። አንድ ሳምንት ሙሉ ይቆይ። ጠብታ ከወረደ ጋዜጣው ያሳብቃል። ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ በውሃ ልክ ግራ ቀኙ ተለክቶ።

«ገንዳዬ 180 በ60 ነው። ሦስት ወር በሰላም ሠራ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሳ ሳሎኑ በጨው ውሃ ተጥለቅልቋል። ገንዳው ግን አልተሰነጠቀም። ምን አጥፍቼ ነው?» ከዋሽንግተን ዲሲ

ወንድሜ፣ በጣም አዝኛለሁ። እኔም ደርሶብኛል። ያኔ ሁለት ምንጣፍ ጥያለሁ። አሁን ቁም ነገሩን ልንገርህ፤ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ቢውል ደስ ይለኛል።

ውሃው ከላይኛው ገንዳ በቱቦ ወደ ሳምፕ ይወርዳል። ሳምፑ ውስጥ ይጣራል፣ ይሞቃል። ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፑ ሲቆም ግን የመመለሻ ቱቦው ሥራውን ይገለብጣል። አፉ ውሃ ውስጥ ስለተነከረ ከላይ ስቦ ወደ ታች ያወርዳል። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። ያንተ ገንዳ ወለል 1.08 ካሬ ሜትር ነው። ውሃው በ1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 11 ሊትር ገደማ ወረደ ማለት ነው። የቱቦህ አፍ 8 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ እንደነበር ጽፈሃል። ከ85 ሊትር በላይ ወርዷል። ሳምፕህ ውስጥ የነበረው ክፍት ቦታ 30 ሊትር ነው። የቀረው ሳሎንህ ውስጥ ገባ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የቱቦውን አፍ ከፍ አድርገህ ከውሃው ወለል ጥቂት ብቻ ዝቅ እንዲል አድርገው። ከወለሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ በመሰርሰሪያ አንዲት ቀዳዳ ብሳ፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ቀዳዳዋ አየር ታስገባና መሳቡ ይቋረጣል። በየወሩ ግን አጽዳት። ኖራ የሚመስለው ሮዝ አልጌ ይደፍናታል። የማይመልስ ቫልቭ ግጠም የሚሉህ ይኖራሉ። 18 ዓመት በቧንቧ ሥራ ስኖር ያንን ቫልቭ ጣፋጭ ውሃ ላይ አምነዋለሁ። የባሕር ገንዳ ላይ ግን ቀንድ አውጣ ይገባበታል፣ ካልሲየም ይጋገርበታል፣ ሳይዘጋ ይቀራል። ተጨማሪ ይሁን እንጂ ዋናው መከላከያህ እንዳይሆን።

መውረጃህም አንድ ቱቦ ብቻ እንደሆነ ከደብዳቤህ ገባኝ። ሦስት አድርገው። አንደኛው ሙሉ ውሃ የሚያወርድ፣ በቫልቭ የምታስተካክለው። ሁለተኛው ትንሽ ብቻ የሚያንጠባጥብ። ሦስተኛው ሁልጊዜ ደረቅ፣ ሌሎቹ ሲደፈኑ ብቻ የሚሠራ። ከዚያ በእጅህ ፈትነው። የመጀመሪያውን ቱቦ በጨርቅ ድፈነውና ተመልከት። ፓምፑን ከሶኬት ንቀልና ቁጭ በል። ውሃው ወርዶ የሚቆምበትን መስመር ሳምፑ ላይ በማርከር አስምር። ሦስት ጊዜ ድገመው። ማንም የቧንቧ ሠራተኛ ግፊት ሳይፈትን ግድግዳ አይዘጋም። ገንዳም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በትነት የጎደለውን ውሃ የሚተካልህ ትንሽ ፓምፕ አለህ። የሚቀዳው ግን ከ100 ሊትር በርሜል ነው። ያ ፓምፕ አንድ ቀን ሳይጠፋ ቢቀር 100 ሊትር ጨው አልባ ውሃ ይገባብሃል። በርሜሉን በ15 ሊትር ጀሪካን ተካው። ጨው ስለማይተን መተካት ያለበት ንጹሕ ውሃ ብቻ መሆኑን ግን በትክክል ይዘኸዋል።

የቧንቧ ውሃን በተመለከተ፣ ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ውሃው ውስጥ ክሎራሚን ነው የሚጨመረው። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት ነው። እንደ ተራ ክሎሪን ለአንድ ቀን ክፍት አድርገህ ብታሳድረው አይለቅም። ለክሎራሚን የተሠራ የካርቦን ማጣሪያ፣ ከዚያ አር ኦ የሚባለው ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራው፣ በመጨረሻም የቀረውን ሟሚ ማዕድን የሚይዘው ዲ አይ የሚባለው ሙጫ ያስፈልግሃል። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው መለኪያ ዜሮ ሲያሳይ ጨው ጨምርበት።

«አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ ይሞከራል? የባሕር ጨው ከውጭ ከማስመጣ የአፍዴራን ጨው ብጠቀምስ?» ከሳር ቤት፣ አዲስ አበባ

ይሞከራል። በጨው እንጀምር። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ከዚያ ውስጥ 30 ግራሙ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የገበታ ጨው የሚሰጥህ ይሄንን ነው። የቀረው 5 ግራም ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም እና ሌላም ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከዚያ ከቀረው ነው። ስለዚህ የአፍዴራው ለወጥ ይሁን። አፋርን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ጠርዝ ላይ ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ የኮራል ሪፍ አለ። ቀይ ባሕር ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት እዚያ ድረስ ይገባ ነበር። በረሃ መሐል የኮራል ቅርጽ ቆሞ ይታያል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

800 ሊትር እንዳሰብክ ጽፈሃል። ለመጀመሪያ 200 ሊትር አድርገው። ሰባት ኪሎ ተኩል ጨው ይበቃዋል። በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ብትቀይር ደግሞ ሦስት ሩብ ኪሎ ነው። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃውም በዚያው መጠን ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ዓሣ አታብዛ። የውሃው ወለል ሁልጊዜ ይናወጥ።

ትልቁ ጭንቀትህ መብራት መሆን አለበት። ውሃው መንቀሳቀስ ካቆመ ዓሣዎቹን ቀድሞ የሚገድላቸው የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሁሉንም ዕቃ ለማሠራት አትሞክር። 15 ዋት የሚበላ በ12 ቮልት የሚሠራ አንድ የሞገድ ፓምፕ ምረጥ። በ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ አስረው። ባትሪውን ግማሹን ብቻ ብትጠቀም እንኳ ከ30 ሰዓት በላይ ያሠራዋል። ሂተሩን ተወው፣ ባትሪውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። መስታወቱን ዙሪያውን በብርድ ልብስ ሸፍነው። ላይኛውን ክፍት ተወው፣ አየር ያግኝ።

ውሃው ከተዘጋጀ በኋላም ወዲያው ዓሣ አትጨምር። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪረቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። በየማታው ባዶ ውሃ ፊት ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ድንጋዩን ሸፈነው። ከዚያ አረንጓዴው መጣ። ከዚያ ጠፋ። ያኔ ነው ሁለት ክላውን ፊሽ ያስገባሁት።

«ጅዳ ነው የምኖረው። ባሕሩ ደጄ ነው። ውሃውንም ኮራሉንም ከዚያው ብወስድስ?» ከጅዳ

እህቴ፣ ኮራሉን አትንኪው። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሻገሩም። ደግሞስ የጣት ጫፍ የሚያህል ቁራጭ፣ ፍራግ የሚሉትን፣ ከሚያራቡ ሰዎች ገዝተሽ ማሳደግ ትችያለሽ። የኔ ገንዳ ውስጥ ያሉት በሙሉ እንደዚያ ያደጉ ናቸው።

ውሃውን ከወደብና ከፍሳሽ ከራቀ ንጹሕ ቦታ መቅዳት ይቻላል። ቀይ ባሕር ግን ጨዋማ ነው፣ በሊትር 40 ግራም ገደማ። ከሌላ ባሕር የመጡ እንስሳት የለመዱት 35 ነው። ለ7 ሊትር የባሕር ውሃ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ጨምሪበት፣ ይስተካከላል።

«ያገለገለ ገንዳ ከነድንጋዩ ገዛሁ። ድንጋዩ ላይ ቁልፍ ቁልፍ የሚያካክሉ አበባ የሚመስሉ ነገሮች በቅለውበታል። በትልቅ ድስት ቀቅዬ ላጽዳው?» ከዳላስ፣ ቴክሳስ

በፍጹም! ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። እነዚያ ዞአንታስ የሚባሉት የኮራል ዘመድ የሆኑ የባሕር እንስሳት ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ሲቀቀሉ መርዙ በእንፋሎት ወደ አየር ይወጣል። ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ አለ። የፈላ ውሃ አታፍስባቸው፣ በብረት ብሩሽም አትፈግፍጋቸው። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርግ። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ እንዳለ ተወውና የሚያውቅ ሰው ይየው። ልጆች እንዳይነኩት።

«ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ልሄድ ነው፣ አንድ ወር። ገንዳውን ለማን ልተው?» ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

ዓሣ ለሚወድ ሰው አትተወው፤ የታዘዘውን ብቻ ለሚሠራ ሰው ተወው። እኔ የዛሬ ስድስት ዓመት ጥምቀትን ጎንደር ሳከብር ለአንድ ደግ ጎረቤት ቁልፍ ሰጥቼ ሄድኩ። ራባቸው ብሎ በቀን ሦስት ጊዜ ይመግባቸው ነበር። የተረፈው ምግብ በሰበሰ፣ አሞኒያው ወጣ። ከቀይ ባሕር የመጣ ወይን ጠጅ ታንግ የሚባል ዓሣ ነበረኝ፣ ጅራቱ ቢጫ። ስመለስ አልነበረም። ጎረቤቴን አልወቀስኩትም፣ በትክክል ያላሳየሁት እኔ ነኝ።

ከመሄድህ ሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ዕቃም አዲስ ዓሣም አታስገባ። ሰውዬውን ሦስት ቀን እቤትህ ጠርተህ አሠራው። አንተ ዝም ብለህ እይ። ፓምፑን ራሱ ይንቀል፣ ራሱ ይመልስ። ምግቡን የመድኃኒት ማስቀመጫ ሣጥኖች ውስጥ በየቀኑ ከፋፍለህ አስቀምጥ፣ እሑድ ባዶ ይሁን። ዋናውን የምግብ ቆርቆሮ ደግሞ መኪናህ ውስጥ ቆልፍበት።