በሽታው የሚኖርበት ሕዋስ፦ ከጅማና አካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የምኖረው በግልገል ጊቤ ግድብ አቅራቢያ ነው። በኅዳር ቫይቫክስ ወባ ተብዬ ክሎሮኪን ወስጄ ድኜ ነበር፤ በየካቲት፣ ቢንቢ በሌለበት ወቅት፣ እንደገና አገረሸብኝ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ሠርቶም ሊሆን ይችላል። ክሎሮኪን የሚገድለው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚራባውን ፓራሳይት (የወባ ተሕዋስ) ሲሆን፣ ቫይቫክስ ግን ከፊሉን በጉበት ሕዋሶች ውስጥ አድብቶ ያቆያል፤ ያደባው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲነቃ ያለ አዲስ ንክሻ ትኩሳቱ ይመለሳል። የጉበቱን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው። የተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ቢሆንም፣ ትኩሳቱ እንደበረደለት የሚያቋርጠው ሰው ብዙ ነው። በየካቲትም ቢሆን ቢንቢ ፈጽሞ አይጠፋምና ደምዎን ሳያስመረምሩ በግምት አይታከሙ።

ጥያቄ፦ ትኩሳቱ ቀን እየዘለለ የሚመጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የቫይቫክስ ፓራሳይት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንን፣ እየተመገበ አድጎና ተከፋፍሎ ሕዋሱን እስኪያፈነዳ 48 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ብርድ ብርድ የሚልዎት ብዙ ሕዋሶች በአንድነት ፈንድተው ዝቃጫቸው ወደ ደም ሲፈስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የፓራሳይቶቹ ዑደት ገና ስላልተገጣጠመ ትኩሳቱ በየቀኑ ሊመጣ ስለሚችል፣ «ቀን አልዘለለም፣ ወባ አይደለም» ማለት አያስኬድም።

ጥያቄ፦ ፕሪማኩዊን ከመጀመሬ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ የሚገባውን ያህል አይጠየቅም። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስም (የዘር መመሪያ የሚይዘው ክፍል) ሚቶኮንድሪያም (ኃይል አመንጪው ክፍል) ስለሌለው፣ በ120 ቀን ገደማ ዕድሜው ውስጥ የተጎዳውን ኤንዛይም (ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) በአዲስ መተካት አይችልም፤ ከኦክሲዴሽን ጉዳት ራሱን የሚጠብቀውም በዋናነት ጂ6ፒዲ በተባለው ኤንዛይም አማካይነት ነው። ይህ ኤንዛይም በውርስ ያነሰው ሰው ፕሪማኩዊን ሲወስድ ቀይ ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፤ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፕሪማኩዊን አይሰጥም፤ የእሷን ቢመረምሩም የፅንሱ ጂ6ፒዲ አይታወቅምና።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ አለበት ተባልኩ። ከረሜላ ስላበዛሁለት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፣ ራስዎን አይውቀሱ። በዚህ ዓይነት በሽታ የሰውነት መከላከያ ሕዋሶች በቆሽት ውስጥ ያሉትን ቤታ ሕዋሶች እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠፏቸዋል። ስኳር ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚያደርገውን ኢንሱሊን የሚያመርቱት እነዚህ ብቻ ስለሆኑ፣ የጡንቻና የስብ ሕዋሶች ስኳሩ በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ በበቂ ሊያስገቡት አይችሉም፤ ልጁ እየበላ የሚከሳው ለዚህ ነው። የኢንሱሊን መርፌው ልጁ ሲያመውም ሆነ በጾም ወቅት ሊቋረጥ አይገባም፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ያስተካክለዋል።