የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠፋ

ጥያቄ፦ ልጄ ጥር 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅማ ተወልዳ በወቅቱ ተመዝግባለች። ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ቀይረናል፤ ቤት ስንቀይር ወረቀቷ ጠፋ። ፓስፖርት ላወጣላት ስለሆነ አሁን ባለንበት ቀበሌ እንደ አዲስ ባስመዘግባት ይሻላል? (የጅማ አንባቢ)

መልስ፦ እንዳያደርጉት። አንድ ልጅ ሁለት መዝገብ ላይ ከሰፈረች፣ በሁለቱ መካከል ያለች የአንዲት ፊደል ልዩነት ኋላ ፋይሏን ታስቆማለች። የጠፋብዎት ወረቀቱ እንጂ መዝገቡ አይደለም። መዝገቡ ያለው ልጅዎ በተመዘገበችበት ቀበሌ ነውና እዚያው ሄደው «ምትክ» ይጠይቁ። መታወቂያዎንና ወረቀቱ ስለመጥፋቱ ከፖሊስ የተሰጠ ማስረጃ ይያዙ። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የድሮው ወረቀት ኮፒ ነው፤ ቤት ከሌለ ትምህርት ቤቷ ፋይል ውስጥ አይጠፋም። የሚፈለገው ላዩ ላይ ያለው የምዝገባ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልተገኘ ለመዝጋቢው የተወለደችበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ያስመዘገቡበትንም ወር ይንገሩት፤ መዝገቡ የሚሞላው በምዝገባ ተራ ነውና።

ምትኩን ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት። እኛ አካባቢ ስህተት የሚበዛው ከቁቤ (አፋን ኦሮሞ ከሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ነው። «ጫልቱ» በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን «ኤች» ይከተላል። «ጥላሁን» በቁቤ በ«ኤክስ»፣ በእንግሊዝኛ በ«ቲ» ነው። የቁቤው እንዳለ ከተገለበጠ የልጅቷ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባት ስም ከአባትየው ፓስፖርት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የወላጆችን ፓስፖርት ኮፒ ይዞ መሄድ ብልህነት ነው። ቀኑንም ይዩት፦ ጥር 5 ቀን 2010 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ነው። ልማድ ሆኖበት 7 የሚደምር ሰው 2017 ይጽፍና ልጅቷን በአንድ ዓመት ያስረጃታል።

መዝገቡ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከተሳሳተ ታርሞ እንደገና እንዲታተም ማስደረግ ነው። ስሙ ወይም ቀኑ መዝገቡ ላይ ራሱ ከተሳሳተ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ መጥቼ ጅማ ሆስፒታል ወለድኩ። ልጁ 5 ወሩ ነው። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ወረቀት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ እሱ ልጁ መወለዱን የሚያሳውቅ ነው፣ ምስክር ወረቀት አይደለም። ግን ያለ እሱ እንዳይሄዱ። ምዝገባው የሚካሄደው በወላጆች መኖሪያ ቀበሌ ስለሆነ አጋሮ እንጂ ጅማ አይሰለፉ። እርስዎ ወይም አባቱ፣ አንዳችሁ ብትሄዱ ይበቃል፤ የሁለታችሁም መታወቂያ ግን ይያዝ። የ90 ቀኑ ገደብ ስላለፈ «የዘገየ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ዓመት ሳይሞላው ቢያደርሱት ማስረጃው ይቀልዎታል።