ሪሞቱ የጠፋ ስማርት ቴሌቪዥን በስልክ እንዴት ይታዘዛል?

ጥያቄ፦ ቤት ስንቀይር የቴሌቪዥናችን ሪሞት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ አንድሮይድ ነው። ስልክ እንደ ሪሞት እንደሚያገለግል ሰምቼ መተግበሪያውን ባወርድም ቴሌቪዥኑን ሊያገኝልኝ አልቻለም። የአዲሱ ቤት ዋይፋይ ስሙም የይለፍ ቃሉም ከቀድሞው የተለየ ነው። ዋይፋዩን ለመቀየር ሪሞት ያስፈልጋል፤ ስልኩን እንደ ሪሞት ለመጠቀም ደግሞ ዋይፋዩ አስቀድሞ መቀየር አለበት። ምን ባደርግ ይሻለኛል? በዚያው መተግበሪያ የዲሹን ሪሲቨርስ ማዘዝ ይቻላል? (ጠያቂ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መተግበሪያው ምንም አልጎደለውም። ስልክዎ ለቴሌቪዥኑ ትእዛዝ የሚያደርሰው በቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ በኩል ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ እስካልዋሉ ድረስ አይተዋወቁም፤ የእርስዎ ቴሌቪዥን ደግሞ ዛሬም የሚፈልገው የቀድሞ ቤትዎን ዋይፋይ ነው።

በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያብሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊት ከድርጅቱ ስም ሥር፣ አለዚያም ከጀርባው በአንዱ ጎን ማብሪያ ስላለው በእጅዎ ዳስሰው ይፈልጉት። ከዚያ በኋላ አጭሩ መንገድ የኮምፒውተር ማውዝ ነው። ማውዙን ከቴሌቪዥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሲሰኩት በስክሪኑ ላይ ቀስት ይወጣል፤ በእሱ ወደ ቅንብሮች ገብተው አዲሱን ዋይፋይ መምረጥና የይለፍ ቃሉን በስክሪኑ ላይ ከሚወጡት ፊደላት እየነኩ መጻፍ ይችላሉ። ሞደሙ ለቴሌቪዥኑ ቅርብ ከሆነም ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል ማገናኘት በቂ ነው፤ ስልክዎ በዚያው ሞደም ዋይፋይ ላይ ካለ ቴሌቪዥኑን ያገኘዋል።

ማውዝም ኬብልም ከሌለ ሁለት ስልክ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ዋይፋይን የሚለየው በስሙና በይለፍ ቃሉ ነውና፣ በሁለቱም ከቀድሞው ጋር አንድ የሆነ ዋይፋይ በአቅራቢያው ሲያገኝ ማንም ሳያዘው ይገናኛል። ስለዚህ በአንዱ ስልክ ሆትስፖት ከፍተው ስሙንም የይለፍ ቃሉንም ልክ እንደ ቀድሞ ቤትዎ ዋይፋይ ያድርጉት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታም ሳይቀር አንድ ካልሆነ ቴሌቪዥኑ አይቀበለውም። አይፎን ከሆነ የሆትስፖቱ ስም የስልኩ ስም ስለሆነ መለወጥ ያለበት የስልኩ ስም ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች 5 ጊጋኸርዝ የተባለውን የዋይፋይ ሞገድ ስለማይቀበሉ ሆትስፖቱን በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ማድረግ ይመረጣል። የቀድሞውን የይለፍ ቃል ከረሱት አይጨነቁ፤ አንድሮይድ 10 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት ላይ ከተቀመጡት ኔትወርኮች ውስጥ የድሮውን መርጠው «አጋራ» ሲሉ ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ በብዙዎቹ ስልኮች ላይም የይለፍ ቃሉ ከኮዱ ሥር ተጽፎ ይታያል።

ቴሌቪዥኑ ከሆትስፖቱ ጋር ሲገናኝ ሁለተኛውን ስልክ በዚያው ሆትስፖት ላይ ያስገቡና ጉግል ቲቪ የተባለውን መተግበሪያ ይክፈቱ። የሪሞቱን ምልክት ነክተው ቴሌቪዥኑን ሲመርጡ በቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይ ኮድ ይወጣል፤ ኮዱን በስልኩ ላይ ሲጽፉ ስልክዎ ሪሞት ሆነ ማለት ነው። ወዲያውኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ቅንብሮች ገብተው የአዲሱን ቤት ዋይፋይ ይስጡት። በዚህ ጊዜ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ስልኩንም ወደ አዲሱ ዋይፋይ ሲያዞሩት እንደገና ይገናኛሉ። ይህን ሥራ ሳያዘገዩ እንዲጨርሱ እመክራለሁ፤ በሆትስፖቱ ላይ ብዙ ከቆየ ቴሌቪዥኑ ራሱን ማዘመን ጀምሮ የሞባይል ጥቅልዎን ሊጨርስ ይችላል።

ሁሉንም በትክክል አድርገው ቴሌቪዥኑ አሁንም ካልታየዎት ስልክዎ ላይ ቪፒኤን በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ቪፒኤን በርቶ ሳለ ስልኩ በቤቱ ኔትወርክ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ላያይ ይችላል። በአይፎን ላይ ደግሞ መተግበሪያው የቤቱን ኔትወርክ ለማየት ፈቃድ ሲጠይቅ መፍቀድ ግድ ነው።

ሳምሰንግ ያላቸው አንባቢዎች ስማርትቲንግስ፣ ኤልጂ ያላቸው ደግሞ ቲንኪው የተባሉትን የየድርጅቶቹን መተግበሪያዎች ይጠቀሙ። ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ፣ በማስታወቂያ የተሞሉ የሪሞት መተግበሪያዎች በፕሌይ ስቶር ላይ ሞልተዋል፤ ድምፅ ለመጨመርና ቻናል ለመቀየር የስልክ ማውጫዎንም ሆነ የጽሑፍ መልእክትዎን ማንበብ የሚያስፈልገው መተግበሪያ ስለሌለ፣ ይህን ፈቃድ የሚጠይቅ ቢያጋጥምዎ ያጥፉት።

ሪሲቨሩን በሚመለከት ግን በጉግል ቲቪ መተግበሪያ ማዘዝ አይቻልም። የተለመዱት የዲሽ ሪሲቨሮች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሪሞታቸው በሚወጣው፣ ለዓይን በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ብዙዎቹ የሬድሚና አንዳንድ የኢንፊኒክስ ስልኮች ይህን ብርሃን የሚልክ መሣሪያ አላቸው፤ በስልኩ አናት ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ነጥብ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ስልክ ካለዎት ከስልኩ ጋር በመጣው የሪሞት መተግበሪያ የሪሲቨሩን ስም ፈልገው፣ የስልኩን አናት ወደ ሪሲቨሩ አዙረው ይሞክሩት፤ የሪሲቨሩን ስም ለመፈለግ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ትእዛዝ ለመላክ ግን ዋይፋይም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሪሲቨርዎ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ግን ከሪሲቨሩ ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈውን የሞዴል ስም በፎቶ ይዘው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ቢሄዱ፣ ለእሱ የሚስማማ ሪሞት መግዛት ይሻልዎታል።