ሐይቅንና ተራራን በአንድ ቀን ፎቶ ስለማንሳት

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙ ሳይርቁ አሥር ሆናችሁ ተራራና ሐይቅን በአንድ ቀን ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው እንጦጦ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ብትደርሱ፣ ከተማው በስተደቡብ ስለሚገኝ የማለዳው ብርሃን ከግራ በኩል አግድም እየመጣ የባሕር ዛፎቹን ግንድና የቤቶቹን ጣሪያ ከጥላቸው ለይቶ ያወጣላችኋል። ብርዱ ኃይለኛ ስለሆነ ጋቢ መያዝ አይርሱ፤ እኔ ከጃኬት አስበልጠዋለሁ። በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ግቢ ግን ፈቃድ ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ። ከሰዓት በኋላ በአንድ ሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ ወርዳችሁ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩትን የሆራንና የባቦጋያን ሐይቆች ከገደላቸው አናት ላይ ሆናችሁ አንሱ። የውኃውን ነጸብራቅ ለመቀነስ ሌንስ ላይ የሚገጠም ፖላራይዘር ማጣሪያ ይጠቅማችኋል።